ምዕራፍ 4፦ ክንድ የሚደርስበት ገበታ

የቤት ዕቃ መሸጫ ገብቶ የምግብ ጠረጴዛ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቁጥር ነው፤ ባለ አራት፣ ባለ ስድስት፣ ባለ ስምንት። ቁጥሩ በዙሪያው ስንት ወንበር እንደሚደረደር ይነግረዋል። እነዚያ ሰዎች ምን ላይ፣ እንዴት አድርገው እንደሚበሉ ግን ማንም አይጠይቀውም። ብዙ ጠረጴዛ በተገዛ በዓመቱ የልብስ መተኮሻና የወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ የሚቀረው፣ ቤተሰቡም ሶፋ ላይ ተቀምጦ ትሪውን ትንሿ የቡና ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያው የተለመደውን ባለ ስድስት እንውሰድ። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ልክ የመጣው እያንዳንዱ ተመጋቢ የራሱ ሳህን፣ ሹካና ቢላዋ፣ ብርጭቆ ከፊቱ ከሚደረግለት ቤት ነው። በዚያ ስሌት ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ሦስት ሰው በአንድ ወገን፣ ሦስት ሰው በሌላው፤ በመሀል ደግሞ የጋራ ሳህኖች የሚቀመጡበት ቦታ ይተርፋል። ለዚያ አበላል ስሌቱ እንከን የለውም።

አሁን በዚያው ጠረጴዛ መሀል ትሪ እናስቀምጥ። ሙሉ እንጀራ የሚዘረጋበት ትሪ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሀል የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ትሪው ያላቸው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአራቱ ማዕዘን በኩል ያሉት ግን ለእንጀራው ጠርዝ 45፣ ወጡ ለወጣበት መሀል ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ይቀራቸዋል። የቤቱን ታላቅ ለክብር ብለን በጠባቡ ጫፍ ብናስቀምጣቸው ይባስ፤ ከእንጀራው ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። አንድ ጎልማሳ ከወገቡ ሳይጎነበስ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ በምቾት የሚደርሰው 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ባለ ስድስቱ ጠረጴዛ ለአንድ ገበታ ሲሆን ባለ ሁለት ነው፤ የቀሩት አራቱ እየተነሱ ይቆርሳሉ፣ ጉርሻውም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

ክብ ጠረጴዛ ላይ ስሌቱ ይለወጣል። ወርዱ 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ከትሪው ጠርዝ 25፣ ከመሀሉ 55 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ራስጌና ግርጌ የለውም፤ ለአንዱ የቀረበ ለሁሉም የቀረበ ነው። ዙሪያው 345 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን አምስት ሰው ተመቻችቶ፣ ስድስት ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጥበታል። ወርዱን ወደ 150 ብናሳድገው ሰባት ሰው ይይዛል፣ ነገር ግን ትሪው ከሁሉም 45 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ለጋራ ገበታ የሚሆን ክብ ጠረጴዛ ከ100 እስከ 120 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

መሶብ ይህን ሒሳብ ከጥንት ፈቶታል። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋው ገበታ ከእንጀራው ብዙም አይሰፋም፤ ከሥሩ ያለው እግር ጠባብ ስለሆነ የተቀማጩ ጉልበት ቦታ አያጣም፤ በዙሪያው ያሉት ዱካዎች ዝቅ ስለሚሉ የተቀመጠው ሰው ክንዱ ወደ ፊትም ወደ ታችም በቀላሉ ይሄዳል። ገበታውና መቀመጫው እርስ በርስ ተለካክተው የተሠሩ ናቸው። ከተበላ በኋላም መሶቡ ተነስቶ ጥግ ይይዛል፣ ወለሉም ለሌላ ሥራ ይለቀቃል።

እንዲህ ሲባል ሁሉም ቤት ወደ መሶብ ይመለስ ማለት አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ከዱካ መነሳት ይከብዳቸዋል፤ ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት፣ አባወራው ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ጠፍጣፋና ከፍ ያለ ነገር ያስፈልጋል። የሚበጀው፣ ቤታችን በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ በአንድ ትሪ፣ ስንት ጊዜ በየሳህኑ እንደሚበላ አስቀድሞ መቁጠር ነው። የሥራ ቀን እያንዳንዱ በገባበት ሰዓት በሳህን፣ እሑድና ዓመት በዓል በጋራ የሚበላ ቤት 110 ክብ ይበቃዋል። በጾም ወቅት የሚጾምና የማይጾም አብረው የሚኖሩበት ቤት ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። የጾሙና የፍስኩ ወጥ በአንድ እንጀራ ላይ አይወጣም፤ ሁለት ትሪ ይቀርባል። ለዚህ ቤት 160 በ90 የሆነ ረጅም ጠረጴዛ ከነሁለት አነስተኛ ትሪው ከክቡ ይሻላል፤ ሁለቱም ወገን ከየገበታው ሳይርቅ አብሮ ይቀመጣል።

ወንበሩ

የጠረጴዛ ከፍታ በአብዛኛው ከ72 እስከ 76፣ የወንበር መቀመጫ ከ43 እስከ 47 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሁለቱም የበለጠ የሚያስፈልገው ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው፤ ከ27 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ልዩነቱ ሲጠብ ጉልበት ይጋጫል፤ ሲሰፋ ትከሻ ይነሳል፣ ክንድም ይዝላል። በእጅ ለሚበላ ሰው ወንበሩ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል፤ ክንድ ከላይ ወደ ታች ከሚወርድበት ይልቅ አግድም ሲዘረጋ ቶሎ ይደክማልና።

ጠረጴዛውን ከአንድ፣ ወንበሩን ከሌላ የሚያሠራ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለቱም በየራሳቸው ያምራሉ፤ ቤት ገብተው ሲገናኙ ግን አይስማሙም። ከጠረጴዛው ፊት ሥር እግሮቹን የሚያያይዘው አግድም እንጨት ብዙ ጊዜ ይረሳል። የመቀመጫው ከፍታ 45 ቢሆን፣ ጭን ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወስድ፣ ያ እንጨት ከወለል ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ለመለካት ሜትር ካልያዙ ተቀምጦ እግርን ማጠላለፍ ይበቃል።

ወንበር ከሁሉም የቤት ዕቃ በላይ የሚደክም ዕቃ ነው። ሰው ወደ ኋላ ሲደገፍ የክብደቱ ጉልበት በአብዛኛው የሚያርፈው መቀመጫው ከኋላ እግሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። መጋጠሚያው በሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ በዓመት በሁለት ዓመት ይላላል። እንጨቱ በእንጨት ውስጥ ተቦርቡሮ ገብቶ በኮላ የተያዘ ከሆነ፣ ወይም በብሎን የሚጠብቅ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል። ለመፈተን የመደገፊያውን ጫፍ ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ ነው። አዲስ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ወንበር ወደፊት አይጠነክርም።

ወንበር ለመጠንከር መክበድ እንደማያስፈልገው ያሳየው ሰው ሚካኤል ቶኔት ነው። ይህ የጀርመን ተወላጅ አናጢ በኦስትሪያ ግዛት ሳለ ቢች የተባለውን እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሰ ማጠፍ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 የሚባለው ወንበር ስድስት እንጨት፣ አሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበረው። ተፈትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባ ነበር። የታጠፈው እንጨት ቃጫው ስላልተቆረጠ በቀላሉ አይሰበርም፤ መጋጠሚያው በብሎን ስለሆነ ሲላላ ይጠብቃል። የካፌ ወንበር ሲባል ዛሬም ብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣበት ቅርጽ ያ ነው።

ከእኛው አገር ደግሞ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ አለ። ሦስት እግር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ነጥብ ምንጊዜም በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ፣ ወለሉ ጎርበጥ ቢል እንኳ በርጩማው አይወዛወዝም። አራት እግር ያለው ዕቃ ግን ወይ ወለሉ፣ ወይ እግሩ ትክክል ካልሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። በከባድ ግንድ የተሠራ፣ መጋጠሚያ የሌለው መቀመጫ ደግሞ የሚላላ ነገር የለውም።

ወለሉ

ዕቃ መሸጫ አዳራሽ ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የራቀ ስለሆነ ሁሉም ዕቃ ትንሽ ይመስላል፤ የሚገባበት ቤት ግን ጠባብ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለባለ ሁለት መኝታ ቤት ያሰበው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነበር፤ መኝታውም፣ ማብሰያውም፣ መታጠቢያውም ከዚያው ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ የሚተርፈው ሳሎን ውስጥ ሶፋ፣ ብፌ፣ ቴሌቪዥንና የምግብ ጠረጴዛ ይገባሉ ተብሎ ይታሰባል።

ጠረጴዛ የሚወስደው ቦታ የራሱን ስፋት ብቻ አይደለም። ወንበር ስቦ ለመነሳት ከጠርዙ ወደ ኋላ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቀመጠው ሰው ጀርባ ትሪ ይዞ ለማለፍ ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። 110 ሴንቲ ሜትር ክብ ጠረጴዛ በሁለቱም ወገን 75 ሲጨመርበት 260 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 3 ሜትር ወርድ ባለው ሳሎን ይህ ማለት ጠረጴዛው ሳሎኑን ጠቅልሎ ያዘ ማለት ነው። 120 በ75 የሆነ ጠረጴዛ አንዱ ወገኑ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቀመጥ ግን በሦስት ወገን ብቻ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይሳባል። ጎኑ በማጠፊያ የሚወርድ ጠረጴዛም ለጠባብ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌላው የሚረሳው ቦታ የቡናው ነው። ረከቦቱ፣ ከሰል ምድጃው፣ የምታፈላዋ ሴት በርጩማና የተጎዘጎዘው ቄጤማ ተደምረው ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ንጹሕ ወለል ይወስዳሉ፤ ከሰሉ ደግሞ ከሶፋ ጨርቅና ከመጋረጃ መራቅ፣ ወደ መስኮት መቅረብ አለበት። ሳሎኑን በዕቃ ሞልቶ ቡናን ኮሪደር ላይ ማፍላት ብዙ ቤት የሚደርስበት መጨረሻ ነው። ስለዚህ በእቅዱ ላይ መጀመሪያ የሚከለለው ይህ ቦታ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ሥራ ቀላልና ነፃ ነው። የጠረጴዛውን፣ የወንበሮቹን፣ የሶፋውን ልክ በጠመኔ ወለሉ ላይ መሳል፤ ወይም ጋዜጣ በልኩ ቆርጦ ማንጠፍ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ እንደተለመደው መኖር። በሩ ሲከፈት የሚነካው፣ ልጅ የሚሰናከልበት፣ ቁም ሳጥን የማይከፈትበት ቦታ ሁሉ ምሽት ላይ ይታወቃል።

ደረጃውም ይለካ። አብዛኞቹ የጋራ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ ዕቃው የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። የበሩን ወርድ፣ ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ስፋትና የኮሪደሩን ጠባብ ክፍል ጽፎ መያዝ ግድ ነው። የስዊድኑ ኢኬያ ዕቃን ፈታትቶ በጠፍጣፋ ካርቶን ማሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ንድፍ ሠሪው ጊሊስ ሉንድግረን አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ስትለው እግሯን ነቅሎ ወሰዳት ይባላል። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ እግሩ በብሎን የሚፈታ ጠረጴዛ ይዘዝ። ቤት ለቀው ሲሄዱም ያስመሰግናል።

እንጨቱ

እንጨት ከተቆረጠ፣ ከተላገ፣ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መሳብና መልቀቁን አይተውም። ሲስብ ይሰፋል፣ ሲለቅ ይጠብባል። ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ በኩል ነው፤ በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የሙሉ ጣውላ ገበታ በክረምትና በበጋ መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል። አናጢው ገበታውን ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር በኮላና በሚስማር ጥርቅም አድርጎ ካሰረው፣ በክረምት የተሠራው ጠረጴዛ ጥር ላይ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። የሚያውቅ አናጢ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጎ ይበሳል፤ ገበታው በልቡ ይስፋ ይጥበብ፣ ከቦታው ግን አይነሳም።

ያልደረቀ እንጨት ከሁሉ የከፋ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። በጥላ ተደርድሮ በአየር የሚደርቅ ጣውላ በውፍረቱ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የአናጢዎች የቆየ ግምት ነው። መሣሪያ የሌለው ገዢም መፈተኛ አለው፦ ከጣውላው ቁራጭ ወስዶ በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳግም መመዘን። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ጣውላው ገና ውኃ አለው።

ከአገር እንጨት ዋንዛ በአናጢም በገዢም ዘንድ የተወደደው ለመላግ ቀላል፣ ከደረቀ በኋላ የማይጣመም፣ ምስጥም ብዙ የማይደፍረው ስለሆነ ነው። ዝግባ ቃጫው እኩልና ብርሃናማ ነው፣ እርጥበት ካገኘው ግን ቶሎ ይጠቁራል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ በብዙ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለገበታ ሳይሆን ለአጥርና ለማገር ይሻላል። ግራቪሊያ በእርሻ ዳርና በቡና ጥላነት የሚተከል ስለሆነ በቶሎ የሚተካ እንጨት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ዛሬም «ንጹሕ ዋንዛ ነው» ሲባል፣ ዋጋውን ከመጠየቅ አስቀድሞ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የገዢ ድርሻ ነው። ከማሳ ወይም ከግቢ የተቆረጠ፣ ወይም ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ንጹሕ መልስ አለው። ከአሮጌ ቤት የወጣው ደግሞ ለዓመታት የደረቀ በመሆኑ ለገበታ የተመቸ ነው።

ዛሬ በገበያው የሚበዛው ግን ጣውላ ሳይሆን ተፈጭቶ ወይም በስሱ ተልጦ በኮላ የተጋገረ ሰሌዳ ነው። ቺፑድ ከእንጨት ስንጥር፣ ኤምዲኤፍ ከደቀቀ ቃጫ፣ ኮምፔንሳቶ ደግሞ እርስ በርስ ከተደራረቡ ስስ ቅጠሎች ይሠራሉ። ከሦስቱ ክብደትን የሚችለው ኮምፔንሳቶ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ወቅት ብዙም አያሰፋቸውም፣ ይህ ብልጫቸው ነው፤ ጠርዛቸው ተልጦ ውኃ ሲገባቸው ግን ያብጣሉ፣ ያበጠው ተመልሶ አይጠብም። ብሎንም አንዴ ከተነቀለ በዚያው ቀዳዳ መልሶ አይይዝም። ከእጅ መታጠብ፣ ከውኃ ማንቆርቆሪያና ከእርጥብ መወልወያ የማይርቅ የምግብ ጠረጴዛ ከእነዚህ ቢሠራ ጠርዙ ሁሉ በደንብ መታሸግ አለበት።

በእነዚህ ሰሌዳዎች ኮላ ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ቀስ እያለ ይወጣል፤ የአዲስ ቁም ሳጥን ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ አንዱ ምንጭ እርሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። በአውሮፓ «ኢ1» የሚለው ምልክት የሚወጣው ጋዝ መጠን የተገደበ መሆኑን ይናገራል። ምልክቱ ቢኖርም ባይኖርም አዲስ የሰሌዳ ዕቃ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት መስኮት በተከፈተበት ክፍል ቢቆይ፣ የሕፃን መኝታ ቤትም ባይገባ ይመረጣል።

የመስተዋት ገበታ ለማጽዳት ቀላል ነው፤ ቅባትም በርበሬም አይጠልቀውም። 180 በ90 ሆኖ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ መስተዋት ግን ብቻውን 40 ኪሎ ይመዝናል። በሙቀት የተጠናከረ መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው፤ እንዲህ ያለው ሲሰበር እንደ በቆሎ ፍሬ ደቅቆ ይረግፋል፣ ተራው ግን ስል ሆኖ ይሰነጠራል።

ትእዛዙ

ከአናጢ ዘንድ ማሠራት ትልቅ ጥቅሙ ልክን መምረጥ ነው። ይህን ጥቅም ለማግኘት ግን ቀብድ ከመክፈል በፊት ሁሉም በወረቀት መስፈር አለበት፦ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ፣ የገበታው ውፍረት፣ የሚታየውና የማይታየው ክፍል ከምን እንደሚሠራ፣ የማስረከቢያው ቀን። «እንደዚህ ፎቶ ይሁንልኝ» የሚል ትእዛዝ መልክን እንጂ ልክን አይናገርም።

ከስምምነቱ ውስጥ የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ዕቃው ቫርኒሽ ሳይነካው መታየቱ። ቀለም ስንጥቅን፣ የተለያየ እንጨትን፣ በስቱኮ የተደፈነ ቀዳዳን ሁሉ ይሸፍናል። ያኔ ገልብጦ ሥሩን ማየት፣ ቀዳዳዎቹ ሞላላ መሆናቸውን ማረጋገጥ፣ በአራቱ እግሩ ማቆምና መወዝወዝ ይቻላል። ከቀለም በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ብዙ ጊዜ በይቅርታ ያልቃል።

ቫርኒሹም እንደ አጠቃቀሙ ይመረጣል። ላክ ከተባለው ሙጫ የተሠራው የጥንቱ ማለስለሻ ያምራል፣ አረቄ ከፈሰሰበት ግን ይሟሟል። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ውኃንና አልኮልን ይችላል፤ በየቀኑ ለሚበላበት ገበታ የሚበጀው እርሱ ነው። ትኩስ ድስት ግን ሁሉንም ይጎዳል፤ የሚቀረው ነጭ ቀለበት በሽፋኑ ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው።

ገንዘቡ

ስለ ገንዘቡ ከማንሳታችን በፊት ስለ ቀሩት የሳሎን ዕቃዎች ጥቂት እንበል። ሶፋን በተመለከተ አጭር ምክር ይበቃል፤ ጨርቁን ሳይሆን ስፖንጁን መጠየቅ ነው። ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ቢመዝን ይበረክታል፤ ቀላሉ በጥቂት ወራት ይጎደጉዳል። ኤል ሼፕ ሶፋ ሰፊ ቢመስልም ጥጉ ላይ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አያገኝም። ብፌ ከመግዛት በፊትም በውስጡ የሚገባውን ብርጭቆና ሳህን መቁጠር ይጠቅማል። ለዓመት በዓል እንግዳ የሚደራረቡ ዱካዎች በጠረጴዛው ሥር ቢገፉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ትርፍ ወንበር ከማዞር ይሻላል።

ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው ቤት፣ የሚቀነስበት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ከጌጡ ነው፤ ከተቀረጸ እግር፣ ከወርቃማ ጠርዝ፣ ከመስተዋት። ቀጥሎ ከገበታው ፊት፤ ጥሩ ኮምፔንሳቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ለዓመታት ያገለግላል፣ አቅም ሲገኝ ገበታው ብቻ ተነስቶ በዋንዛ ይተካል። የማይቀነሰው ከወንበሩና ከመጋጠሚያው ነው። ገበታ ሰው አይሸከምም፤ ወንበር ግን በየቀኑ ይሸከማል፣ የላላ ወንበር ሲወድቅም አብሮት የሚወድቅ ሰው አለ። አራት ጠንካራ ወንበርና አንድ ተራ ገበታ የገዛ ቤት፣ ስድስት የሚወዛወዝ ወንበርና አንድ የሚያብረቀርቅ ገበታ ከገዛው ይልቅ በአምስተኛው ዓመትም ተቀምጦ ይበላል።